ሉማሜ ላይ ወራጅ አለ

«ያቺ ሴትዮ ለቅሶ ነው የምትሄደው» አለች የብርጓል፣ ወደ ሙላት ጆሮ ጠጋ ብላ።

ሙላት ዐይኑን ከሴትዮዋ አሸሸ። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ገና ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሱሉልታን ሜዳ እያቋረጠ ነበር። ጠዋቱ ይበርዳል። መስኮቱ በተሳፋሪው ትንፋሽ ጉም ለብሷል።

«በምን አወቅሽ?»

«ነጠላዋን እየው። ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራዋለች። ደግሞ ስንቅ አልያዘችም። ሰርግ የሚሄድ ሰው እዚያ እጠግባለሁ ብሎ ነው ስንቅ የማይዘው። ለቅሶ የሚሄድ ግን ጭራሽ ትዝ አይለውም።»

ይህ የእሷ ጨዋታ ነው። በተሳፈረች ቁጥር የሰዉን ፊት እያየች ወዴት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ ትገምታለች። የጀመረችው ህንድ አገር ስትማር ነው። ቋንቋቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች በባቡር ውስጥ እያየች ብቸኝነቷን ትገፋበት ነበር። ስትመለስ ደግሞ በገዛ አገሯ ሰው ላይ ቀጠለችበት። ደህና አውቶቡስ የሚያሳፍር ደመወዝ እያላት ርካሹን የምትመርጠውም ለዚሁ ነው። «በዚያኛው ሁሉም ተኝቶ ነው የሚሄደው፤ ሰው ያለው እዚህ ነው» ትላለች። ዛሬ ግን ምርጫም አልነበረም። ሙላት ማለዳ መናኸሪያ ሲደርስ ቦታ ያገኘው በዚህ ብቻ ነው። ወንበሩ ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ይወጋል። መተላለፊያው ላይ ትርፍ ሰዎች በርጩማ ላይ ተደርድረዋል።

«ያ ጃኬት የለበሰውስ?» አላት፣ ዐይኗን ከሴትዮዋ ለማንሳት ሲል።

«ራጅ ይዟል። ግን የራሱ አይደለም። የራሱ ቢሆን እያወጣ በብርሃን ያየው ነበር። እሱ ግን እንደ ሰው ዕቃ ነው ያቀፈው።» ከዚያ ከፊት ለፊት ወዳለችው ወጣት ጠቆመች። «እሷ ደግሞ ከዐረብ አገር ነው የመጣችው። ሻንጣዋን በፕላስተር ጠቅልላዋለች። እያት፣ መሳቅ እየተለማመደች ነው። ቤት ስትደርስ የምትስቀውን።»

ሙላት ለመሳቅ ሞከረ፤ አፉ ግን እሺ አላለውም። ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዞረ። ሌላ ቀን ይህን ጨዋታ ሲሰማት ውሎ አይጠግብም። ዛሬ የሚጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ዐይን ወደ እሱ እንዳይዞር።

*

ማታ ስልክ የደወለው የየብርጓል ታላቅ ወንድም አበባው ነበር። አበባው ሙላትን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ሲያስፈልግ «ያ ልጅ» ይለዋል። ማታ ግን «ሙላትዬ» አለው፣ ሙላትም ወዲያው ክፉ ነገር እንደመጣ አወቀ።

«አባባ ዐርፏል። ዛሬ ቀበርነው። እሷ አታውቅም፤ ትንሽ አሞት ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቷል ብያታለሁ። እዚያ ከእሷ ጋር ሌላ ሰው የለንም፣ ይዘሃት ና። ሉማሜ እንዳትወርዱ። ድንኳኑ ከመንገድ ይታያል፣ መስኮት ዳርም አታስቀምጣት። ቀጥታ ማርቆስ፣ አክስቴ የኔአለም ቤት አድርሳት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና ቄሱ መጥተው ያረዷታል። ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ያዝላት። አደራ።»

አደራ። ሙላት ከዚያ ቤት ይህን ቃል እሰማለሁ ብሎ አልሞም አያውቅም። አባቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የታወቁ ሸማኔ ናቸው። የየብርጓል አባት አቶ ወልደ ገብርኤል ደግሞ ሉማሜ ዳር ሰፊ ማሳ የነበራቸው፣ ዘር የሚቆጥሩ፣ ስማቸው የሚከበር ገበሬ ነበሩ። ሙላት ሽማግሌ በላከ ጊዜ የመለሱት መልስ አገር ለአገር ዞሯል። «የአባቱን ጋቢ እለብሳለሁ፤ ልጄን ግን ለሸማኔ ልጅ አልሰጥም።» ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ተገናኝተው፣ ሙላት ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። አቶ ወልደ ገብርኤል እጃቸውን ከጋቢው ሥር አላወጡም። ጋቢውን የሠሩት የሙላት አባት ነበሩ።

የብርጓል አባቷን ጥላ ወደ ሙላት አልመጣች፤ ሙላትን ጥላም ወደ አባቷ አልተመለሰች። መሀል ላይ ቆማ ነው ዓመታቱ ያለፉት።

አሁን ያ ቤት ልጁን፣ ሐዘኑን፣ ከሁሉ በላይ ምስጢሩን ለሙላት ሰጠው። ሐዘንተኛን ይዞ መምጣት የዘመድ ሥራ ነው። ባዳ አይላክበትም።

ነገር ግን ሌላም አደራ ነበረበት። የብርጓል ህንድ አገር ሳለች እናቷ ሞተዋል። ቤተሰቡ ግን በሰው አገር ብቻዋን ታብዳለች ብሎ ደበቃት። በደወለች ቁጥር «ጠበል ሄደዋል»፣ «ገበያ ወጥተዋል»፣ «ተኝተዋል፣ አንቀስቅሳቸው» ይሏታል። ለእናቷ መነጽር ገዝታ ተመለሰች። በደረሰች ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ያደረችበትን ክፍል ሞሉት። መነጽሩ እስካሁን ከነቤቱ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አለ።

«አንድ ዓመት ሙሉ የሞተች እናቴን ሰላም በሉልኝ ስል ኖርኩ» ብላው ነበር። «ከእንግዲህ የእኔ የምለው ሰው ከሞተ፣ አንተ ትነግረኛለህ። ወዲያው፣ በአፍህ። ማልልኝ።»

ሙላት ምሎላታል።

*

ጎሐ ጽዮን ለምሳ ቆሙ። ምግብ ቤቱ በተሳፋሪ ተጨናንቋል። ሁለቱ በአንድ ትሪ ሽሮ አዘዙ። ሙላት ቆርሶ ያዘ እንጂ አልጎረሰም፤ ቁራሹን በሽሮው ዳር ዳር ያዞረዋል።

«እንጥልህን ዱብ ያደረገው ነገር ምንድን ነው?» አለችው።

«እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም።»

ስልኩ ጠራ። አበባው ነው። ሙላት ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። «እሺ... ደህና ናት... ጎሐ ጽዮን ነን... ምንም አላወቀችም» አለ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ። ሲመለስ የብርጓል ትሪውን ወደ ጎን ገፍታዋለች።

«ወንድሜ ነበር?»

«አዎ። የት ደረሳችሁ ሊል ነው።»

«እኔ ስልክ የለኝም?»

እጇን አጥባ ተመለሰችና ዝቅ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ሊለየኝ የመጣ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ» አለች። «ከማለዳ ጀምሮ ዐይኔን ሸሽተሃል። ከወንድሜ ጋር ተስማምታችኋል ማለት ነው። አባባ ታሟል፣ ልጁን ተዋትና ይረፍ አለህ... አይደል? እስከ አባቴ አልጋ ታደርሰኝና ትሄዳለህ።»

«የብሬ፣ እንደዚያ አይደለም።»

«እንግዲያ እንዴት ነው?»

ሙላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ቄሱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ አደራ ያለውን ድምፅ አሰበና ዘጋው። አንድ ነገር ግን ልብ አለ፤ በራሱም አፈረ። ሊለየኝ ነው ብላ ብታስብ ይሻለኛል ብሎ ነበር። እስከ ነገ ጎህ ድረስ በእሱ ብትቆጣ፣ ከእውነቱ ይቀላታል። እናም ዝም አላት። ያ ዝምታ ጉንጯ ላይ እንደ ጥፊ ሲያርፍ ቁጭ ብሎ አየ።

*

ቁልቁለቱን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሙቀቱ ከመሬት ተነሥቶ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ፍሬኑ ሸተተ። ሰው ሹራቡን አወለቀ። የዐረብ አገሯ ልጅ አንገቷ ተሰብሮ አጠገቧ ያለውን ሰው ትከሻ ተንተርሳለች፤ ሰውየው እንዳይቀሰቅሳት ብሎ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ ይሄዳል። የብርጓል ሁሉንም ታያለች፤ አሁን ግን ለማንም አትናገርም።

«መስኮቱ ፀሐይ ነው፣ ቦታ እንቀያየር?» አላት ሙላት። ከማለዳ ጀምሮ ሲለምናት ነው የዋለው።

«ይመቸኛል።»

ድልድዩ አጠገብ ለፍተሻ ሁሉም ወረደ። ወንዶች ባንድ ወገን፣ ሴቶች ባንድ ወገን ተሰለፉ። ፈታሹ የሙላትን ቦርሳ ከፍቶ እጁን አስገባ፤ አዲስ ነጠላ አወጣ። አባቱ ለአዲስ አበባ ደንበኞች እንዲያደርስ ከሚልኩለት ነጠላዎች መካከል ነበር። ፈታሹ ሊዘረጋው ሲል ጥለቱ ወጣ። ጥቁር ነው። እጁ ቆመ።

«የማን ነው?» አለ፤ ድምፁ እንደ ፈታሽ አልነበረም።

ሙላት በዐይኑ ብቻ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ጠቆመ።

ሰውየው ነጠላውን በእጥፋቱ መለሰው። ቦርሳውን ራሱ ዘጋለትና «እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

ሙላት ዞር ብሎ አየ። የብርጓል የሴቶቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። አይታ ይሁን ሳታይ፣ ሰምታ ይሁን ሳትሰማ፣ ከጀርባዋ ሊያውቅ አልቻለም። ድልድዩን በእግር ሲሻገሩ ከፊቱ ቀድማ ሄደች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ውኃ የሞላ እንስራ እንዳዘለ ሰው።

*

ደጀን ደርሰው ደጋው ላይ ሲወጡ ነፋሱ ቀዘቀዘ። የኅዳር ጤፍ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ አጫጆች በየማሳው ጎንበስ ቀና ይላሉ። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል። ተሳፋሪው ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ መተኛት አቅቶት አፍጧል።

የትኖራ ከተማን ካለፉ በኋላ የብርጓል ተናገረች።

«አንድ ተሳፋሪ ቀርቶኛል።»

«ማን?»

«አጠገቤ ያለው» አለች፣ ዐይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል። «ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት መስሎኝ አላየሁትም። ጢሙን አልተላጨም፤ ሳይላጭ መንገድ አይወጣም ነበር። ምሳው አልዋጥ ብሎት ቁራሽ ሲያዞር ዋለ። ስሙን እንኳ የማይጠራው ሰው ስልክ ደወለለት። ደጋግሞ ቦታ እንቀያየር አለኝ፤ ፀሐይ በሌለበትም። ሊለየኝ ነው አልኩ። ግን የሚለይ ሰው ስተኛ ጭንቅላቴ መስኮቱን እንዳይመታው መዳፉን አያስደግፍልኝም። ከሱሉልታ ወዲህ፣ የተኛሁ መስሎህ።»

ሙላት መዳፉን ተመለከተ።

«ድልድዩ ላይ ነጠላውን አየሁት» አለች። «ፈታሹ ያለህንም ሰማሁ።»

አውቶቡሱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። በርጩማ ላይ ካሉት አንዱ አጉረመረመ። የብርጓል ቀስ ብላ ወደ ሙላት ዞረች። ፊቷ የደከመ ነው። ገና እንባ የለበትም።

«ወዴት እንደሚሄድ አውቄያለሁ። ለምን እንደሚሄድም አውቄያለሁ። ግን እኔ አልናገረውም። የእናቴን ሞት ከሽማግሌዎቹ ፊት ላይ ራሴ ነው ያነበብኩት፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ። ማንም አልነገረኝም ሙሌ። እየዞሩ፣ እየጠቀሱ፣ እያለቀሱ፣ እኔው እንድጨርሰው ተዉኝ። አንተ ግን ልትነግረኝ ነው የማልክልኝ። በአፍህ ንገረኝ።»

በስተግራ ከሩቅ የሉማሜ ባሕር ዛፎች ታዩ። ሙላት የሚያውቃቸው መታጠፊያዎች ጥቂት ቀርተዋል። ከዚያ ድንኳኑ ነው። ዝም ቢል፣ እንደ ምንም ቢያዘናጋት፣ ምናልባት ያልፉታል። ነገ ጎህ ሲቀድ አበባው ትከሻውን ይዞ «ተባረክ» ይለዋል። በዚያ ቤት ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ ሰው ቁጭ በል ይባላል። ከዓመታት ጥበቃ በኋላ የተከፈተ በር ነው፤ ሊዘጋው የሚችለው የራሱ አፍ ብቻ ነው።

ዐይኗን አየ።

«አባትሽ ዐርፈዋል» አላት። «ትናንት ተቀበሩ። ማርቆስ እስክንደርስ አትንገራት ብለውኝ ነበር። ሳልነግርሽ የዋልኩት... እስከዚህ ድረስ መደበቄ የእኔ ጥፋት ነው።»

የብርጓል አልጮኸችም። «አባባ» አለች፣ ከጓዳ ሆና ሳሎን ያለውን ሰው እንደምትጠራ። መልስ እንደምትጠብቅ ሁሉ ጆሮዋን ሰጠች። ደግማ «አባባ» አለች። ከዚያ ግንባሯ የፊተኛውን ወንበር መታ፤ ከደረቷ ውስጥ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ማባሪያ የሌለው ድምፅ ወጣ።

የተኛው ሰው ሁሉ ነቃ።

«ምን ሆነች ልጂቱ?»

«መርዶ ነው። አባቷ ነው መሰል።»

«አሁን? እዚህ?»

ከኋላ ወንበር አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተነሥተው መደገፊያውን ያዙ። ጉልበታቸው ላይ የነበረው የዶሮ ቅርጫት ተንሸራቶ ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

«አንተ ልጅ» አሉ፤ ቁጣው እውነተኛ ነበር። «መርዶ በመኪና ላይ ይነገራል? ዘመድ ሳይከባት፣ ቄስ ሳይቀመጥ፣ ውኃ የሚሰጥ ሰው ሳይኖር? ጨርቋን ጥላ ብትሮጥስ? ይሄ የጨዋ ሥራ ነው? የማን ልጅ ነህ አንተ?»

የማን ልጅ ነህ። ሙላት ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ የኖረው ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ሰው አፉን ለዚህ ጥያቄ ሲያዘጋጅ ከሩቅ ያውቀዋል።

የብርጓል ግንባሯን ከወንበሩ አነሣች።

«የሸማኔ ልጅ ነው፣ አባቴ» አለች። ድምጿ ተሰብሯል፤ ግን እስከ ሹፌሩ ይሰማል። «ንገረኝ ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሞታ አንድ ዓመት የዋሹኝ ጨዋዎች ነበሩ።»

ሹፌሩ ማንም ሳይነግረው ዘፈኑን አጠፋ። ሽማግሌው ቆይተው ኮፍያቸውን አወለቁና «እንግዲህ... እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉ፤ ሙላትንም አየት አድርገው «አንተንም» አሉት።

ነጠላዋን ያዞረችው ሴትዮ በርጩማዎቹን እየተሻገረች መጣች። መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ ብላ የየብርጓልን ጉልበት ያዘች።

«አልቅሺ የኔ እናት፣ በሆድሽ አትያዢው» አለቻት። «እኔም የእህቴን ነው የምሄደው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ማን ፊት ላልቅስ ስል ነው የመጣሁት።»

ሁለቱ፣ በስም እንኳ ሳይተዋወቁ፣ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። ራጅ የያዘው ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

*

መታጠፊያው ላይ የብርጓል ዐይኗን በመዳፏ ጠርጋ እጇን ወደ ሙላት ዘረጋች።

«ነጠላውን አምጣው።»

አውጥቶ ሰጣት። በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«የአባትህ ሥራ ነው?»

«የአባቴ ነው።»

ዘረጋችው፤ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ጥቁሩን ጥለት ወደ አንገቷ አዞረችው። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ የድንኳኑ ጫፍ ብቅ አለ። ሰው እንደ ጉንዳን ከቦታል።

«ሉማሜ ላይ ወራጅ አለ» አለች። ድምጿ ከወንበራቸው አላለፈም። ነጠላ ያዞረችው ሴትዮ ተቀበለቻት፤ «ወራጅ አለ» አለች። በርጩማ ላይ ያሉት ተቀበሉ፤ ሽማግሌውም ከኋላ በወፍራም ድምፅ «ወራጅ አለ፣ ድንኳኑ ጋ አቁምላቸው» አሉ። ቃሉ እንደ ቅብብል ሹፌሩ ዘንድ ደረሰና አውቶቡሱ መናኸሪያ ሳይገባ፣ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ቆመ።

ወረዱ። ሙላት ቦርሳዎቹን መሬት ላይ አኖረና ቆመ።

«እስከ ደጁ ላድርስሽና...»

«ከዚያስ?»

«አበባው አደራ ብሎኝ ነበር። አፍርሻለሁ። አባትሽም በሕይወት ሳሉ እዚያ ደጅ እንዳልቆም ነው የፈለጉት።»

የብርጓል ቀና ብላ አየችው። ዐይኗ አብጧል። ከማለዳ ጀምሮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላይ ስትፈልገው የዋለችውን አሁን የምትፈልግ አትመስልም።

«የአባቴን ነገር ዛሬ ልከራከርልህ አልችልም» አለች። «በእሱም ላይ አልናገርም፣ አባቴ ነው። ደክሞኛል ሙሌ። እጄን ያዝ።»

ያዘው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። ከኋላቸው አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም። በየመስኮቱ ፊቶች ተደርድረው ያዩዋቸዋል። ወዴት እንደሚሄዱ፣ ለምን እንደሚሄዱ ለመገመት የሚቸገር አልነበረም። ሰውየው ምኗ ነው በሚለው ግን እስከ ማርቆስ ይከራከሩበት ይሆናል።

የብርጓል «አባባ» ብላ ጮኸች። የጠዋቱ፣ የበረሃው፣ የዓመታቱ ሁሉ ጩኸት ነበር። ድንኳኑ በለቅሶ መለሰላት፤ ሰዉ ተከፈለና አበባው ወጣ። የእህቱን ነጠላ አየ። ጥለቱ ወዴት እንደዞረ አየ። ሁሉንም አወቀ። ከዚያ ሙላትን አየው፤ ቀጥሎም የተያያዙትን እጆች።

አበባው የሟች አባቱን ጋቢ ለብሷል። ሙላት ጋቢውን ከሩቅ ያውቀዋል፤ ልጅ ሆኖ ድሩ ሲወጠር አይቷል። የአበባው ሁለቱም እጆች ከጋቢው ሥር ነበሩ። ይወጡ ይሆን፣ ወይስ አይወጡም? ሌላ ቀን ቢሆን ሙላት ይህን ለማወቅ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ አልጠበቀም፤ የእሱ እጅ ባዶ አልነበረም። ወደ ድንኳኑ ተራመዱ።